ጋሽ ሙሄና በዓል አክባሪው ኮምፒውተር

ጋሽ ሙሄ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። የነገረችኝ በጭነት መኪና ተሳፍራ ከሞጣ ወደ ቢቸና የተመለሰች የሰፈራችን ሴት ናት። «ያ ኮምፒውተር ሠሪው ሽማግሌ ሞቱ እኮ» አለችኝ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራችኝ ሳለ። ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ።

ለቅሶ ለመድረስ መንገድ እስኪከፈት አምስት ቀን ጠበቅኩ። ሞጣ ስደርስ ድንኳኑ ተነስቷል። ልጃቸው ዘይነብ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። ጎን ለጎን ተቀምጠን ካለቀስን በኋላ ፊቴን አየት አደረገችና፣ «አትቀየሚኝና፣ ለአባዬ ምናቸው ነሽ?» አለችኝ።

«ኮምፒውተር ሠርተውልኛል» አልኳት።

በዚያ ጊዜ፣ በዚያ መንገድ፣ ለኮምፒውተር ሠሪ ሊያለቅስ ከቢቸና ሞጣ የሚመጣ ሰው የለም። ዘይነብ ጨዋ ናትና አልመረመረችኝም። እኔ ግን መልሴ አሳፈረኝ፤ ትክክለኛውን ደግሞ በሁለት ቃል ልነግራት አልቻልኩም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ አቶ ፈንታ በቢቸና ዙሪያ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት እንደማይገናኙ መረጋገጥ አለበት፤ ያን ለማረጋገጥ ሽማግሌዎች የሚመጡት እኛ ቤት ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው «እገሌ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ» እያሉ በሙሽራው በኩል ይወጣሉ፣ በሙሽሪት በኩል ይወጣሉ። ስንት ሠርግ በእሳቸው ቃል ተደግሷል፣ ስንቱም ቀርቷል። ከዚህ ሁሉ አንድም የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሄደው የትናንቱ ነው፤ ምሳ በልተው ምሳ ይጠይቃሉ። ሐኪሙ የድሮው መጨረሻ ላይ እንደሚሄድ፣ ግን መሄዱ እንደማይቀር ነገረን። እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ጣቶቼ ፈጣን ናቸው። አሮጌውን የቤት ኮምፒውተሬን ጓዳ ውስጥ ከግድግዳው አስጠግቼ አስቀመጥኩና «አባባ፣ ይቁጠሩልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ለምን በወረቀት አልጻፍሽም የሚለኝ አይጠፋም። ሞክሬአለሁ። አባቴ ከስምንት ገጽ በፊት ወዳለፍነው ቤት ተመልሰው «እዚያ ላይ አንዲት እህት ነበረች» ሲሉ ደብተር ላይ ማስገቢያ ቦታ የለም። በስልክ ልቅዳ ስላቸው ደግሞ እምቢ አሉ። ስልክ ባለበት ሁሉ ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስላቸዋል፤ በዘር ቆጠራ ውስጥ ደግሞ የሰው ገመና አለ። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ድምፅ ግን ወደዱት። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ስለነበር የሚከተሉኝ በጆሯቸው ነው፤ ቁልፉ ሲንኳኳ ይቀጥላሉ፣ ሲቆም ቆመው ይጠብቁኛል።

ሁለት ሳምንት እንደሄድን ሰማያዊው መጣ። እየጻፍኩ ሳለ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ይሆናል፤ ያዘነ ፊት ይወጣል፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ችግር ገጥሞኛል የሚል ጽሑፍና የስህተት ቁጥር፤ ከዚያ ጥፍት ይልና እንደገና ይነሳል። እማዬ «ይኸው ደግሞ አኮረፈ» ትላለች። በቀን አንዴ፣ ሲብስበት ሦስቴ ያኮርፋል።

ቶሎ ቶሎ ሴቭ ስለማደርግ ከኮምፒውተሩ ብዙ አይጠፋብኝም ነበር። የሚጠፋው ከአባቴ ነው። ቁልፉ ሲቆም ይጠብቃሉ፤ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ «እሺ አባባ፣ ይቀጥሉ» ስላቸው «ማንን ነበር የያዝነው?» ይላሉ። ስሙን ስነግራቸው አንዳንዴ ይመለሱበታል። አንዳንዴ ግን ያ ቤት በሙሉ እንደተዘጋ ይቀራል፣ በማግስቱም አይከፈትም። በአንድ ሳምንት ሦስት ቤት እንዲህ ሄደብን። ከአባቴ አፍ ስም በወጣ ቁጥር ይኼኛውስ ይተርፍ ይሆን እላለሁ።

ቢቸና ያሳየሁት ባለሙያ «ቫይረስ ነው» አለና ፎርማት አደረገው። ጽሑፉን በፍላሽ ባላወጣው ኖሮ አብሮ ይሄድ ነበር። በማግስቱ ሰማያዊው ተመለሰ። ኢንተርኔት ከተዘጋ ስለቆየ የስህተት ቁጥሩን መፈለጊያም አልነበረኝም። እማዬ በበኩሏ ጠበል ልትረጭበት ስትል እጇን ይዤ ነው ያስቆምኳት። ስለ ጋሽ ሙሄ የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ ድሮ ሬዲዮ፣ አሁን ኮምፒውተር የሚሠሩ፣ ሌላው ያቃተውን የሚይዙ ሽማግሌ ሞጣ አሉ አለኝ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ ገባሁ።

ጋሽ ሙሄ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ነጭ ኮፍያ፣ አንዱ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላው ግንባራቸው ላይ። የሸሚዛቸው ኪስ ላይ እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ ትንሽ ካቻቢቴ ተሰክቷል። ከኋላቸው መደርደሪያ ሙሉ የትምህርት ቤት ደብተር ነበር። ልክ እንደ ሐኪም ቤት ካርድ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ደብተር ይከፍታሉ። ለእኔም አዲስ አወጡና ሽፋኑ ላይ ስሜን ጻፉ።

«መጀመሪያ የተበላሸው መቼ ነው?»

ነገርኳቸው።

«ከዚያ በፊት የከፈተው ሰው አለ?»

«ማንም።»

ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝ። «ማንም?»

«ማንም አልከፈተውም» አልኩ፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ። ጻፉት። ይህቺን መልሴን ያዙልኝ።

ሦስት ቀን እዚያው ሞጣ አክስቴ ቤት አደርኩ። ጋሽ ሙሄ ኮምፒውተሩን ከጠዋት እስከ ማታ አብርተው ያሠሩታል፤ አንድም ቀን ሰማያዊ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን «ይኼ ጤነኛ ነው። የታመመው ቤትሽ ነው» አሉኝ።

«ከፍተው ቢያዩትስ?»

«ያልታመመ አልከፍትም፣ ልጄ። ጤነኛውን ነካክቼ ባበላሸው የእኔን ጥፋት ከእሱ በምን እለየዋለሁ?» ደብተሩን ወስደው በማስመሪያ ዓምድ ያሰምሩ ጀመር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እየተሠራ ነበር፣ በቤቱ ውስጥ ምን ይሰማ ነበር። «አሥራ አምስት ቀን ጻፊልኝ። ድንገት ተበላሸ ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። ድንገት የሚባል ዓምድ የለኝም።»

አባቴ በየቀኑ እያለቁብኝ እሳቸው ዓምድ ያሰምሩልኛል። አሥራ አምስት ቀን ለእኔ ስንት ቤት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ገብቶኛል። አንድ በአንድ ካልሄድን ግን ሁሉንም ታጫለሽ» አሉ። በሩን እንደ መወርወር አድርጌ ዘግቼባቸው ወጣሁ።

ኮምፒውተሩ ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን አኮረፈ። እየተናደድኩም ቢሆን ጻፍኩ። ቀን አሥር፣ ጠዋት፣ ጽሑፍ እየተጻፈ፤ ምን ይሰማ ነበር? ምንም። ቀን አሥራ ሦስት፣ ከሰዓት፣ ጽሑፍ እየተጻፈ፤ ምንም። እንዲህ እያልኩ አሥራ አምስቱን ቀን ጨረስኩ። ስልክ ሲመለስ ለጋሽ ሙሄ ደውዬ አነበብኩላቸው። 

«ያልተበላሸባቸውን ቀኖች ንገሪኝ እስቲ» አሉ።

«እሱን አልጻፍኩም።»

«ከተጻፉት የጎደሉትን ጥሪያ።»

ጣቴን እያንቀሳቀስኩ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት» አልኩ።

«አሥራ ሁለት ሚካኤል። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል። ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። አሥራ አንድና አሥራ ስምንት እሁድ ነበሩ» አሉ። ሙስሊም ሆነው የእኛን በዓላት ከእኔ አብልጠው ያውቃሉ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ከገጠር በማይመጣባቸው ቀኖች ተምረውታል። «ኮምፒውተርሽ በዓል ያከብራል፣ የሺ» አሉኝ። አልሳቁም።

የስልኩ ድምፅ ለቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበርና እማዬ አማተበች። «እኔ ምን አልኩሽ? በሥራ ቀን ስም መጥራቱ ነው ያላማረለት። በበዓል በበዓል ብቻ ጻፉ።» ለአንድ አፍታ እውነት መሰለኝ፤ ሰው ሲጨንቀው የማያምነው የለም። ግን አባቴ በቀራቸው ጊዜ፣ በበዓል ብቻ ጽፈን አንዳረስም ነበር። በዚያ ሳምንት እኔን በእህታቸው ስም መጥራት ጀምረዋል።

«በዓል ሲሆን አገሩ የሚተወው ሥራ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ከቤትሽ አጠገብ በበዓል የማይሠራ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«እመጣለሁ» አሉና ዘጉት።

መንገዱ በተከፈተ ቀን መጡ፣ ያለ ቀጠሮ። ደጃችን ላይ ደርሰው አልገቡም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«የሚጮኸው።»

ያን ጊዜ ሰማሁት። ወፍጮው ነው። ከጓዳችን ግድግዳ ማዶ የጋሽ አዱኛ የናፍጣ ወፍጮ አለ። ከመወለዴ በፊት የተተከለ ነው፤ እኛ ቤት ማንም መስማት ካቆመ ቆይቷል። እንግዳ ሲመጣ እየጮህን እናወራለን፣ ለምን እንደምንጮህ ግን አስበን አናውቅም። «ምንም» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ወፍጮው ጆሮዬ ሥር እየፈጨ ነበር።

«እሱማ ወፍጮ ነው» አለች እማዬ። «በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ መብራታችንን አይነካም።»

«በበዓልስ ይፈጫል?»

እማዬ ጉንጯን ይዛ ተቀመጠች።

ጋሽ ሙሄ ጓዳ ገቡ፣ ግን ኮምፒውተሩን አልነኩም። ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀበትን በጣታቸው ዳሰሱ። ውሃ በብርጭቆ አስመጥተው ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጡ። በዚያ መሀል ወፍጮው ቆሟል። «እህል መጥቶ እስኪነሳ እንጠብቅ። እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ» አሉ።

«እንዲበላሽ እየጠበቁ ነው እንዴ?»

«ሳላይ ብነካው መቼም አላውቀውም።»

አባቴ እንግዳ ድምፅ ሰምተው ዞሩ። «አንተ ማን ነህ?»

«ሙሄ እባላለሁ አባቴ፣ ከሞጣ።»

«የማን ልጅ?»

«የሰይድ።»

«የየትኛው ሰይድ? የእንድሪሱ?»

ጋሽ ሙሄ ቀና አሉ። ግንባራቸው ላይ የነበረውን መነጽር አወረዱት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። «አዎን፣ የእንድሪሱ» አሉ በዝግታ።

«ጻፊ» አሉኝ አባቴ። ያን ቀን ድምፃቸው እንደ ድሮው ጽኑ ነበር። እኔ ስጽፍ አልሰማም፤ ስሙ በጆሮዬ ገብቶ በጣቴ ይወጣል። ቁልፉ ይንኳኳል፣ አባቴ ይቆጥራሉ። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ሲነሳ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አየሁት። ሴቭ ላድርግ ብዬ እጄን ሳነሳ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። አውቀው እንዳስበላሹብኝ፣ የእሳቸው ደብተር ከአባቴ እንደማይበልጥ፣ እንዲህ ያለውን ተናገርኩ። ከአባቴ የሚተልቁ ባይሆኑም ከእኔ በእጥፍ የሚበልጡ ሰው ናቸው፤ እማዬ በእፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አባቴ ቁልፉን ይጠብቃሉ። ጋሽ ሙሄ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ደብተሩን ከፈቱ፣ ጻፉ። ብዙ ጻፉ። ያን ሰዓት ጠላኋቸው።

ከዚያ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቁት፤ ሌላ ምንም አልነኩም። ወፍጮው ሁለት ዙር ፈጨ፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነበር። አሁን በቃ ስል ጠረጴዛውን መልሰው ከግድግዳው አጣበቁት።  ኮምፒውተሩን አጥፍተው በካቻቢቴ ከፈቱትና ባትሪ አብርተው ጎንበስ አሉ።

«ይኼን የነካው ሰው አለ» አሉ። ሚሞሪው፣ ከጣት ትንሽ የሚረዝመው ቀጭን ሰሌዳ፣ በአንድ ጎኑ ገብቷል፣ በሌላው ጎኑ አልተጫነም። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ሚሞሪው ይላወሳል።

ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሰማያዊው ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለፋሲካ ቤቱን ሁሉ ስናጸዳ፣ ጣሪያውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ሳይቀር ስናጥብ፣ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከፍቼ አቧራውን አራግፌለት ነበር። ሚሞሪውን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መልሻለሁ። ለእኔ እሱ መክፈት አልነበረም፤ የበዓል ጽዳት ነው።

«እኔ ነኝ ጋሽ ሙሄ» አልኩ። «ለፋሲካ።»

የሚናገሩኝን ጠበቅኩ። ያን ቃል ሞጣ ብነግራቸው ኖሮ በዚያው ቀን ከፍተው ያገኙት ነበር፤ ያ ሁሉ ቀን፣ በየመሀሉ የተዘጋው ቤት ሁሉ፣ የእኔ «ማንም» ያመጣው ነው። ሁለታችንም አውቀነዋል። ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሱና «ማንም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው «የሺ፣ ለፋሲካ» ብለው ጻፉ። ሚሞሪውን ከሁለቱም ጎን ቀጭ እስኪል ጫኑት። ጠረጴዛው ከግድግዳው እንደተጣበቀ ወፍጮው እስኪመሽ ፈጨ፤ ኮምፒውተሩ አላኮረፈም። «አሁን አወቅን» አሉና ጠረጴዛውን ለማንኛውም አርቀውት ሄዱ።

በማግስቱ አባቴን «የትናንቱን የሞጣውን ሰው ዘር እንጨርስለት» አልኳቸው።

«የትኛው የሞጣ ሰው?» አሉ።

ስለዚህም ስለ ጩኸቴም ይቅርታ ልጠይቅ ስደውል ጋሽ ሙሄ «ተዪው፣ የራሳችሁን ጨርሱ» አሉኝ። ከሁለት ወር በላይ ጻፍን። አባቴ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ቁልፉን ሲሰሙ ይነቁ ነበር፤ ከዚያ አረፉ። ጋሽ ሙሄ በየጊዜው ስልክ ሲሠራ እየደወሉ «ይሰማል?» ይሉኛል፤ ኮምፒውተሩን ሳይሆን ወፍጮውን ማለታቸው ነው። የሞጣውን ቆጠራ አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ ለነገሩ ግድ ያልነበራቸው መስሎኝ ነበር።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ልመለስ፤ ልሄድ ስነሳ ዘይነብ «አባዬ የየሰዉን ደብተር ለባለቤቱ መልሱ ብለው ነበር። ስምሽን ማን አልሽኝ?» አለች። ፈልጋ አምጥታ ሰጠችኝ። ቆሜ ገለጥኩት። የመጨረሻው ብልሽት በእጃቸው ጽሑፍ አለ። ምን ይሰማ ነበር፦ ወፍጮ። ምን እየተሠራ ነበር፦ ሽማግሌው የእኔን ዘር እየቆጠሩ ነበር፤ ሙሄ የሰይድ፣ ሰይድ የእንድሪስ፣ እንድሪስ የአሊ፣ አሊ የይመር፣ ይመር የ። ከዚያ ባዶ ነው። ከሥሩ በደቃቁ እንዲህ ይላል፦ «ይመር የማን እንደሆነ አልሰማሁም፤ ልጅቷ ጮኸች። ሽማግሌውን ደግሜ አልጠይቅም፤ የቀራቸውን ጊዜ ለልጃቸው ይጨርሱ።»

ኮምፒውተሩ የወሰደው ስም መስሎኝ ነበር። ለካ አባቴ ተናግረውታል፤ የዋጠው የእኔ ጩኸት ነው። ያን ቀን ዘይነብን ተሰናብቻት ወጣሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ደብተሩን ደረቴ ላይ ይዤ እስከ ቢቸና አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና በጽሑፉ ውስጥ «ሞጣ» ብዬ ፈለግኩ። ብዙ አለ። በየተራ አለፍኳቸው። ሰማያዊው ከመምጣቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አባቴ የራሳችንን ቤት ሲቆጥሩ የጻፍኩት ተገኘ፦ «እንግዳው ሁለት ወንዶች ወለደ። ታላቁ ተሰማ እኛን አመጣ። ታናሹ ይመር ለንግድ ሞጣ ሄዶ እዚያው ሰልሞ ቤት ሠራ። የይመርን ወገን በኋላ እነግርሻለሁ።»

ከበታቹ ቦታ ትቼለት ነበር። ደብተሩን አጠገቡ ዘርግቼ ብዙ ጊዜ አየኋቸው።

ስልክ የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። «ዘይነብ፣ ምናቸው ነሽ ብለሽኝ ነበር» አልኳት። «ከእኔም ከአንቺም ስድስተኛው እንግዳው ይባላል። ወንድም ኖሮሽ ሊያገባኝ ቢመጣ አባቴ ይከለክሉት ነበር።»

«እህቴ» አለችኝ። ስልኩም ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ።

ጓዳ ገብቼ በተውኩት ቦታ ላይ ጻፍኩ፤ ይመር አሊን፣ አሊ እንድሪስን፣ እንድሪስ ሰይድን፣ ሰይድ ሙሄን፣ ሙሄ ዘይነብን ወለደ። ሴቭ አደረግኩት። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ይፈጭ ነበር፤ እስኪቆም ድረስ ተቀምጬ ሰማሁት።